የጀበናን ጥቁረት በእርሳስ እንዴት ላውጣው?

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ዕቃ በእርሳስ የምትስሉ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ጀበና ላይ ተይዤ ቀርቻለሁ።

ቅርጹ እሺ ብሎኛል። እጀታውን የምስለው በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት እያየሁ ነው። ክፍተቱ ልክ ከመጣ እጀታውም ልክ ይመጣል። የሲኒውም አፍ ወደ ዓይኔ ከፍታ ሲጠጋ እንደሚጠብ፣ ከላይ ሳየው ደግሞ እንደሚሰፋ ገብቶኛል።

ያቃተኝ ጥቁረቱ ነው። ጀበናው ጭስ ያጠቆረው ሸክላ ነው። የመስኮት ብርሃን ሲያርፍበት ሆዱ ላይ ደብዘዝ ያለ ነጸብራቅ ይታያል። ከታች፣ ጥላው ውስጥ ደግሞ፣ ከረከቦቱ ተመልሳ የምትመጣ ስስ ብርሃን አለች። በጣም ነው የምወዳት፤ ሆዱን ክብ የምታስመስለው እሷ ናት። ግን በ6ቢ፣ ማለትም በጣም ለስላሳና ጥቁር በሆነው እርሳስ፣ ደራርቤ ሳጠቁር እርሳሱ ራሱ ማብለጭለጭ ይጀምራል፣ ስሷ ብርሃንም ትጠፋለች። ከእሱ ጠንከርና ፈካ ባለው በ2ቢ ብቻ ስሠራው ጀበናው ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ከነጩ ሲኒ አጠገብ ሲቀመጥማ ጭራሽ ጀበና አይመስልም።

የምስልበት ወረቀት ተራ 80 ግራም ኤ4 ነው። ችግሩ እሱ ይሆን? ወይስ አደራረቤ?

ከጨለማው ልጀምር ወይስ ከብርሃኑ? ነጸብራቁን ወረቀቱን ነጭ ትቼ ላሳየው ወይስ በኋላ በላጲስ ላውጣው? የከሰል እርሳስ ከተራው እርሳስ ጋር ቀላቅሎ የሠራ ካለ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚገባ ቢነግረኝ ትልቅ ውለታ ነው።