የድሮሶፊላ ዓይን፦ 9:3:4 ወይስ 3:1:4?

ማሂ ባዮ፦
ሰላም ጓዶች። አንድ የድሮሶፊላ (የፍራፍሬ ዝንብ) ጥያቄ ከጓደኛዬ ጋር አጨቃጭቆናል። እናት ነጭ ዓይን ናት፣ የቡናማ ጂን የለባትም። አባት ቡናማ ዓይን ነው፣ የነጭ ጂን የለበትም። የነጩ ጂን ኤክስ (የጾታ ክሮሞዞም) ላይ፣ የቡናማው ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሁለቱም ሪሴሲቭ ናቸው (ደህናው ጂን አብሮ ካለ አይታዩም)፤ ዓይኑ ነጭ ከሆነ ቡናማው አይታይም። ጓደኛዬ «ኤፒስታሲስ (አንዱ ጂን ሌላውን መሸፈኑ) ካለ ቀይ (የተለመደው)፣ ቡናማና ነጭ 9:3:4 ነው፣ አለቀ» ይላል። የመልስ ወረቀቱ ግን ለኤፍ ቱ (ለሁለተኛው ትውልድ) 3:1:4 ይላል። ማን ነው ልክ?

ጋሽ ላብ፦
ወረቀቱ ልክ ነው። 9:3:4ን ሸምድዶ የሚገባ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ኤፍ ዋንን (የመጀመሪያውን ትውልድ) አውጪ። ሴቶቹ ደህናውን ኤክስ ከአባታቸው፣ ደህናውን የቡናማ ጂን ከእናታቸው ስለሚወስዱ ቀይ ናቸው። ወንዶቹ ኤክስ የሚያገኙት ከእናታቸው ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነጭ ይሆናሉ።

አሁን እነዚህን አዳቅያቸው። ሴቷ አንድ ደህና፣ አንድ የነጭ ኤክስ አላት። ወንዱ ያለው የነጩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ከልጆቹ ግማሹ ነጭ። የቀረው ግማሽ በቡናማው ጂን እንደተለመደው 3 ለ 1 ይከፈላል፦ 3/8 ቀይ፣ 1/8 ቡናማ፣ 4/8 ነጭ። ባለ 16 ሣጥን ፐኔት ስኩዌር (የማዳቀያ ሠንጠረዥ) ይቅርብሽ፤ ሁለቱን ጂኖች ለየብቻ ሠርተሽ አባዣቸው።

ናቲ፦
ጓደኛሽም ዝም ብሎ አልተናገረም እኮ። ወላጆቹን ገልብጪያቸው፦ እናት ቡናማ፣ አባት ነጭ። ኤፍ ዋን ሁሉም ቀይ፣ ኤፍ ቱ በድምሩ 9:3:4 ይመጣል። ግን በጾታ ለዪው። ሴቶቹ 6 ቀይ፣ 2 ቡናማ፤ ነጭ የሚባል የለም። ወንዶቹ 3:1:4። አራቱም ነጮች ወንድ ናቸው! የዘረመል ተመራማሪው ሞርጋን በ1910 ያሳተመው ነገርም ይኸው ነው፤ ነጭ ዓይን ወንድ ከቀይ ሴት ጋር አዳቅሎ በሁለተኛው ትውልድ ነጮቹን ወንዶች ላይ ብቻ አገኛቸው። ፈተና ላይ ቶሎ ብለሽ የኤፍ ዋን ወንዶችን እዪ። ነጭ ከሆኑ 9:3:4ን እርሺው።

ማሂ ባዮ፦
ተባረኩ! ጋሼ፣ ነጩ ቡናማውን የሚያጠፋው ግን እንዴት ነው?

ጋሽ ላብ፦
የተለመደው ቀይ ዓይን የሁለት ቀለም ድብልቅ ነው፣ ደማቅ ቀይና ቡናማ። ቡናማ ዓይን ማለት ቀዩ የጎደለበት ነው። የነጩ ጂን በደህናው ጊዜ የሚሠራው ፕሮቲን የሁለቱንም ቀለም ጥሬ ዕቃ ያሻግራል። የቡናማው ጂን ፕሮቲን ደግሞ ከእሱ ጋር ተጣምሮ የቀዩን ብቻ። የመጀመሪያው ከሌለ ምንም አይሻገርም፤ ሁለተኛው ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

ማሂ ባዮ፦
ለጓደኛዬ ልኬለታለሁ። «እኔ እኮ ወላጆቹን ገልብጬ ነው የሠራሁት» እያለ ነው።