ታጎችን ወደ ኦንቶሎጂ ማስገባት ላይ ተቸግሬያለሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሰነዶቻችን ኦንቶሎጂ (ፅንሰ ሐሳቦችንና ዝምድናቸውን የሚያሳየው መዋቅር) እያረጀብን ነው። ስለዚህ ተጠቃሚዎች እንደፈለጉ ከሚለጥፏቸው ታጎች (መለያ ቃላት) አዳዲስ ፅንሰ ሐሳቦችን ለመልቀም እየሞከርኩ ነው። ተመሳሳይ ቃላት ብዙም አላስቸገሩኝም፤ በስኮስ (SKOS፣ ፅንሰ ሐሳቦችን ለመመዝገብ የሚያገለግል መስፈርት) አማራጭ ስያሜ አድርጌ አስገባቸዋለሁ።

የከበደኝ በፅንሰ ሐሳቦቹ መካከል ያለው ዝምድና ነው። «ፓይተን» (የፕሮግራሚንግ ቋንቋው) እና «ፕሮግራሚንግ» ሁሌ አብረው ይመጣሉ። ግን አብሮ መምጣታቸው የቱ ሰፊ፣ የቱ ጠባብ እንደሆነ አይነግረኝም። በዚያ ላይ «ፓይተን» ስለ እባብ በተጻፉ ሰነዶችም ላይ ተለጥፏል! ብዙ ጊዜ የተለጠፈውን ታግ እንደ ወላጅ ወስጄ ሞከርኩ። «ፕሮግራሚንግ» የ«ፓይተን» ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ።

እናንተ ይህን እንዴት ተወጣችሁት? እያንዳንዱን ታግ ማን እንደለጠፈው ማየቱ ትርጉሞቹን ለመለየት ይረዳል? ወይስ ሁሉንም ነገር ሰው አይቶ ያጽድቀው? የሞከራችሁ ካላችሁ በጣም አመሰግናለሁ።