ማሲንቆ እየመታ የሚዘፍን ሰው በሁለት ማይክ ስቀርጽ ድምጹ ቀጠነብኝ፤ ማይኮቹን የት ላቁም?

ቃኚው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አዝማሪ ማሲንቆ እየመታ ሲዘፍን በአንድ ጊዜ መቅረጽ ፈልጌ ነው። ለየብቻ ቅረጸው እንዳትሉኝ፤ ዘፈኑና ምቱ ተነጣጥለው አይሄዱለትም። ያለኝ ባለ ሁለት ቻናል ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳጥን)፣ አንድ ሹር ኤስ ኤም 58 (የተለመደው በእጅ የሚያዝ የዘፈን ማይክ) እና አንድ ትልቅ ኮንደንሰር (ስስ ድምጽ ሁሉ የሚለቅም የስቱዲዮ ማይክ) ነው። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ኮንደንሰሩን ከፊቱ ከፍ አድርጌ ቁልቁል ወደ አፉ አዞርኩት፤ 58ቱን ከማሲንቆው ቆዳ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ አቆምኩት። ለየብቻ ሲሰሙ ደህና ናቸው። አብረው ሲከፈቱ ግን የሰውየው ድምጽ ይቀጥናል፣ ማሲንቆውም ይፋጫል። የድምጹን ፌደር (የመጠን ማንሸራተቻ) ከፍ ሳደርግ ማሲንቆው አብሮ ይነሳል። ምን ላድርግ?

ሽቦ፦
ችግሩ ኮንደንሰሩ ቁልቁል ማየቱ ነው። ከላይ ወደ አፍ የዞረ ማይክ ከአፉ አልፎ ጭኑ ላይ ያለውን ማሲንቆ ፊት ለፊት ያያል። ቆሞ ለሚዘፍን ሰው ጥሩ አቋቋም ነው፣ ለአዝማሪ ግን አይሆንም። እዚህ ማሰብ ያለብህ የማይኩ ፊት ወዴት እንደሚያይ ብቻ ሳይሆን ጀርባው ወዴት እንደዞረ ነው። ካርዲዮይድ ማይክ (በፊቱ በኩል አብልጦ የሚሰማው ዓይነት) ከሁሉ የሚደነቁረው በጀርባው በኩል ነው።

ስለዚህ ማይኮቹን አቀያይራቸው። 58ቱን ለድምጽ አድርገው፤ ከአገጩ ዝቅ ብሎ፣ ከአፉ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ሽቅብ ወደ አፉ ቀና ይበል። ያኔ ጀርባው ወደ ማሲንቆው ይዞራል። ስፖንጅ አልብሰው። ትንፋሹም በአብዛኛው በላዩ ስለሚያልፍ «ጰ» እና «ፐ» ብዙ አያስቸግሩህም።

ኮንደንሰሩን ከማሲንቆው ሳጥን ፊት ለፊት፣ ከቆዳው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከሳጥኑ ትንሽ ከፍ አድርገህ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ታች አዘንብለው። ለአፉ ሙሉ ጀርባውን ባይሰጥም ከጎኑ ወደ ጀርባው ጠጋ ያለውን ይሰጠዋል። ደጋኑን በቀኝ እጁ የሚስብ ከሆነ ስታንዱ በሰውየው ግራ በኩል ይግባ፤ አለዚያ ደጋኑ ማይኩን ይመታዋል።

አምባሰል፦
ሽቦ ያለው ልክ ነው፤ ድምጹ ለምን እንደሚቀጥን ልጨምር። ለምሳሌ የዘፋኙ ድምጽ አንዱን ማይክ በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላውን በ60 ያገኘዋል እንበል። የ50 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ማለት 1.5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መዘግየት ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ 340 ኸርዝ አካባቢ እየተሰራረዙ ጉድጓድ ይፈጥራሉ። የወንድ ድምጽ ሥጋው ያለው እዚያ ነው። ማሲንቆው ደግሞ የዘፋኙን ዜማ እየተከተለ በዚያው ከፍታ ስለሚጮህ በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምጽ ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው) እለያቸዋለሁ ብለህ አትድከም።

«ሦስት ለአንድ» የሚባለው ሕግ (በማይኮቹ መካከል ያለው ርቀት ማይኩ ከምንጩ ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ይሁን የሚለው) አንድ ሰው ላይ በደንብ አይሞላም፤ ከአፍ እስከ ሳጥን 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጉድለቱን የሚሸፍነው የማይኮቹ ጀርባ ነው።

ካቆምካቸው በኋላ ሁለቱንም ቻናል ወደ ሞኖ (በአንድ ላይ ተደባልቀው) አድርግና የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጥ። ወፈር ያለው የቱ ነው? እሱን ያዝ።

እኔ ብሆን ግን በመጀመሪያ በአንድ ማይክ እሞክረው ነበር። ኮንደንሰሩ ከፊቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ በደረቱ ቁመት። ማሲንቆው ከበዛ ማይኩን ወደ አፉ ከፍ፣ ካነሰ ዝቅ። ሚዛኑ በፌደር ሳይሆን በስታንዱ ቁመት ይስተካከላል፤ አንድ ማይክ ከራሱ ጋር አይሰራረዝም።

ሽቦ፦
አምባሰል፣ በጥሩ ክፍል እስማማለሁ። ብሎኬትና ሴራሚክ ባለበት 70 ሳንቲ ሜትር ርቆ ግን የሚቀረጸው ክፍሉ ነው። መሃል ቆመህ አጨብጭብ፤ «ትርርር» የሚል ከተከተለ አንድ ማይኩን ተወው።

የጓዳ ስቱዲዮ፦
ስለ መፋጨቱ፦ 10 ሳንቲ ሜትር በጣም ቅርብ ነው። ማይኩ የቆዳውን ድምጽ ሳይሆን የጭራውንና የደጋኑን ግጭት ነው የሚለቅመው። ስትርቅም ጭራው ላይ አታነጣጥር፤ በበርኩማው (ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) እና በሳጥኑ ጠርዝ መካከል ወዳለው ቆዳ ይይ። ጭራው ላይ እጣን በዝቶ ከተቀባም ማይክ የትም ቢቆም ይፋጫል፤ መጀመሪያ በጨርቅ ጠረግ ያድርገው።

ሌላው ወለሉ ነው። ወደ ታች ያዘነበለ ኮንደንሰር ሴራሚኩን በደንብ ይሰማል፤ ከወንበሩ እስከ ስታንዱ ድረስ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፍ። ከሰውየው ጀርባ ፍራሽ አቁም። ብዙ ሰው ፍራሹን ከማይኩ ጀርባ ያደርገዋል፤ ማይኩ የሚያየው ግን ከዘፋኙ ኋላ ያለውን ግድግዳ ነው።

ጌይኑን (የማይኩን መግቢያ መጠን) ሲያወራ ሳይሆን ሲጮህ ለካው። ከፍ ያለውን ስንኝ አዘፍነውና ጫፉ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርግ፤ በ24 ቢት ከቀረጽክ ይህ ይበቃል።

ቃኚው፦
አመሰግናለሁ! አቀያይሬ ሞከርኩት፤ ምንጣፉ ብቻውን ትልቅ ለውጥ አመጣ። መቅጠኑም ጠፋ። አሁን ግን ድምጹ ከታች ትንሽ ያጉረመርማል። የማሲንቆውን ትራክ ወደፊት ስቤ ከድምጹ ጋር ላስተካክለው ወይ?

አምባሰል፦
አትሳበው። ለዘፈኑ ያስተካከልከው ለማሲንቆው ይበላሻል፤ ሁለቱም ድምጾች ሁለቱም ትራክ ላይ አሉ። ማጉረምረሙ ከቅርበት የመጣ ነው፤ 58ቱን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ ካልበቃ ከ100 ኸርዝ በታች ቁረጥ።

ቃኚው፦
እሺ። ከበሮ ቢጨመርስ?

የጓዳ ስቱዲዮ፦
ቻናልህ ሁለት ስለሆነ በሄድፎን እየሰማ በኋላ ይደርብ። ኮንደንሰሩን ከሰፊው ፊት 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሃሉ ወጣ አድርገህ አቁመው። መሃሉ ላይ ካነጣጠርክ «ድም» ብቻ ነው የምታገኘው፤ የመዳፉ ጥፊ ይጠፋል።