አባቴ ሶማሊያ ተማርኮ ነበር፤ የት እንደቆየ እንዴት ላጣራ?

የአጋሮ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት ሆነው። በ1969 በሚሊሺያ ተመልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ግንባር ሄደ። ወሬው ሲጠፋ ሞቷል ተባለና አያቴ ሰደቃ አወጣችለት። በ1980 መጨረሻ ግን ከሶማሊያ ተፈቶ መጣ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ እስሩ አንድም ቀን አጫውቶን አያውቅም። ልጅ ሆኜ አንዴ መርካቶ ጨርቅ ልንገዛ ሄድን። ከሶማሌው ነጋዴ ጋር በሶማሊኛ ማውራት ሲጀምር ክው አልኩ። ነጋዴው በርጩማ ስቦ አስቀመጠው፤ ሻይ አዘዘለት። የት ተማርክ ብዬ ስጠይቀው "ከሰው" አለኝ። በቃ።

አሁን ሳጥኑን ስንከፍት የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ወረቀት በአያቴ መስገጃ ተጠቅልሎ አገኘን። የአባቴ ስምና አንድ ቁጥር አለው። ቀኑ 12/3/1984 ይላል። በ84 እኮ አባቴ ቤቱ ነበር! ጽሑፉ ደግሞ አምስት መስመር ብቻ ነው፦ ደህና ነኝ፣ እናቴ እንዴት ናት፣ ቡናው እንዴት ነው፣ ቡሬ ስንት ወለደች። ቡሬ ላማቸው ናት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ያን ሁሉ ዓመት ተለይቶ ስለ ላም?

አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፤ "የዚያን ጊዜ ፋይል የለንም" አሉኝ። ከየት ልጀምር?

በጎ ፈቃደኛ፦

እህቴ፣ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ መጋቢት 3 ቀን 1976 ይሆናል። ያኔ አባትሽ ገና እስር ላይ ነበሩ።

ስለ ላሟም አይክፋሽ። የቀይ መስቀል መልእክት ሳይታሸግ ነው የሚሄደው፤ ያሰረው ወገን ያነበዋል። የሚፈቀደው የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው። ስለ እስር ቤቱ ወይም ስለ ጦሩ ቢጽፉ ኖሮ ይህ ወረቀት እናንተ ጋ አይደርስም ነበር።

ቁጥሩን በደንብ ያዢው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የሚጎበኛቸውን እስረኞች ይመዘግባል፤ የፍለጋ ክፍሉም መዝገብ ጄኔቭ ነው ያለው። ተመዝግበው ከነበረ ቤተሰብ የእስር ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል። ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ጅማ ቅርንጫፍ ሄደሽ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ስለማገናኘት ጠይቂ። ስማቸውን እስከ አያት፣ የእናታቸውን ስም፣ የተወለዱበትን ቦታ ይዘሽ ሂጂ። ኦሮሚያ ብቻ ብለሽ አትተዪው፤ ያኔ ከፋ ክፍለ ሀገር ነበር። ስማቸውንም በላቲን ፊደል ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ ጻፊው። አንዱን አህመድ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል፤ ፍለጋውም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

የ70 ዘማች፦

ልጄ፣ አላህ ነፍሳቸውን ይማር። እኔም እዚያው ነበርኩ። በ1970 ተማርኬ በነሐሴ 1980 ተፈታሁ። መንግሥቱና ዚያድ ባሬ በመጋቢት ተስማምተው፣ ቀይ መስቀል ነው ያመጣን። ከ3,500 በላይ ነበርን። አብራሪው ለገሠ ተፈራም ከእኛ ጋር ነው የተፈታው።

ስለ ላሟ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከገበሬ ማኅበር የመጡት ልጆች ብዙዎቹ ማንበብ መጻፍ አይችሉም ነበር። የመልእክቱ ወረቀት ሲመጣ ፊደል ለቆጠርነው ተራ ይይዛሉ፤ እኛ እንጽፍላቸዋለን። ሁሉም የሚያስጽፈው ስለ ከብቱና ስለ ማሳው ነበር። አንዱ ስለ በሬው እያስጻፈኝ ድምፁ ተቆረጠ። ብዕሩን አስቀምጬ ጠበቅሁት። ቀኑን ሙሉ አልቀጠለም፤ በማግስቱ መጥቶ ጨረሰው።

አባትሽ ሲዘምቱ መጻፍ ይችሉ ነበር?

የአጋሮ ልጅ፦

አባባ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቀይ መስቀል ሰኞ እሄዳለሁ።

አባቴ ሲሄድ ፊደል አያውቅም ነበር፤ የተማረው እዚያ ነው አለችኝ አክስቴ። ወረቀቱን በኋላ ከጻፈው የቡና ሒሳብ ጋር አስተያየሁት። የእሱ እጅ አይደለም። ፎቶ አንስቼ ማታ እለጥፈዋለሁ፤ ምናልባት የማን እጅ እንደሆነ ያውቁት ይሆናል።

ስለ ቡሬም አክስቴን ጠየቅኋት። ዝም ብላ ቆየች። ለካ ቡሬን ለሰደቃው አርደዋት ነበር። አያቴ ግን በመልሱ ላይ "ቡሬ ደህና ናት፣ ሦስት ወልዳለች" ብላ አስጻፈች።