የድሮ የናፍጣ ጭነት መርከብ ማሽን ሲመረመር ከየት ይጀመራል?

ቃሊቲ ሞተር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቃሊቲ የከባድ መኪና ሞተር አድሳለሁ፤ ጎን ለጎን የመርከብ ማሽን ትምህርት ጀምሬያለሁ። የተሰጠን መልመጃ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የጭነት መርከብ ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ ነዳጁን በአየር ግፊት የሚረጭ ሞተር። የማሽኑን ምርመራ ቅደም ተከተል ጻፉ ተብለናል። እኔ እንደለመድኩት ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) አውርጄ፣ ፋሻና (የፒስተኑን ቀለበት) ላይነር (የሲሊንደሩን የውስጥ ሽፋን) ለክቼ፣ ከዚያ ወደ ነዳጅ ፖምፓና ኖዝል (መርጫው) ልሄድ ነው። ያስኬዳል? ኮምፕሬሽኑስ (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚደርስበት ግፊት) ስንት ሲሆን ጤነኛ ይባላል?

የማሽን ክፍል፦
ወንድሜ፣ ቴስታታውን ቆይተህ ታወርዳለህ። በዚህ ሞተር የመጀመሪያው ጉዳይ አየር ነው። በመኪና ናፍጣውን ገፍቶ የሚረጨው ፖምፓው ነው። እዚህ ግን ፖምፓው መጥኖ እስከ ነዳጅ ቫልቩ ያደርሳል እንጂ አይረጭም፤ ካሙ (በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ያለው ጉብታ) የነዳጅ ቫልቩን መርፌ ሲያነሳ ከ60 እስከ 70 ባር የታመቀ አየር ነዳጁን ይዞ ይገባል። በ1912 (እ.ኤ.አ.) የተነሳችው የዴንማርኳ መርከብ ሴላንዲያም በዚሁ መንገድ ነው የሠራችው፤ ሁለት ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፣ የሲሊንደሩ ስፋት 530፣ ምቱ (የፒስተኑ ጉዞ ርዝመት) 730 ሚሊሜትር።

ስለዚህ ይህን አየር የሚያምቀውን ኮምፕረሰር አስቀድም። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደረጃ አለው፣ በየደረጃው መሃል ማቀዝቀዣ። ሞተሩ እየሠራ የየደረጃውን ግፊትና ሙቀት መዝግብ። የአንደኛው ደረጃ ግፊት ከልኩ በላይ ከወጣ የሁለተኛው ቫልቭ እያስመለሰ ነው። ከዚያ አቁመህ ቫልቮቹን አውጣ። ጥቁር ካርቦን ከተጋገረባቸው ዘይት በዝቷል ማለት ነው፤ ዘይትና የጋለ የታመቀ አየር ሲገናኙ ቧንቧ ይፈነዳል። የማቀዝቀዣውን ቱቦ በግፊት ፈትን። ቱቦው ከተቀደደ ያ ሁሉ ግፊት ወደ ውሃው ክፍል ስለሚገባ የመከላከያ ዲስኩ (ግፊት ሲበዛ ቀድሞ የሚቀደደው) ትክክለኛው እንጂ በወፍራም ላሜራ የተተካ አለመሆኑን አይተህ አረጋግጥ።

የነዳጅ መርፌውም አደገኛ ነው። የመርጫው አየር ከሲሊንደሩ ግፊት በታች ወርዶ መርፌው ክፍት ከሆነ እሳቱ ወደ አየር መስመሩ ይመለሳል። የአንድ አቅጣጫ ቫልቮቹን አንድም ሳታስቀር ፍታ።

የማስነሻው አየር 25 ባር ገደማ ነው። ሞተሩ እየሄደ የየሲሊንደሩን የማስነሻ ቧንቧ በእጅህ ዳብስ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከጋለ ቫልቩ ያፈስሳል። ቦምቦላዎቹን (የአየር ማጠራቀሚያዎቹን) አራግፈህ ውስጣቸውን እይ፤ ዝገቱ የሚበረታው ከታች፣ ውሃ በሚተኛበት ነው። የውሃ ግፊት ፈተናው ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። በመጨረሻ አየር ሳትጨምር ወደፊትና ወደኋላ እያፈራረቅህ አስነሳ። የዛሬው ደንብ ለእንዲህ ያለ ሞተር 12 ጊዜ ይጠይቃል፤ ጥሩ መለኪያ ነው።

ዲያል ጌጅ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ልጨምር። በመርከብ የሞተሩ መሠረት ከመርከቡ አካል ጋር ይታጠፋል፤ ስለዚህ ልኬቱ መርከቡ ውሃ ላይ እያለ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይወሰድ፤ የጭነቱ ሁኔታም ይጻፍ። ዲያሉን (የመለኪያ ሰዓቱን) በሁለቱ የክራንክ ጉንጮች (የክራንኩ ጎንና ጎን ክንዶች) መካከል አስገብተህ ዘንጉን እያዞርክ አምስት ቦታ አንብብ፤ የቢዬላው ዘንግ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው) ታችኛውን ነጥብ ስለሚከልል በግራና በቀኙ ሁለት ንባብ ይወሰዳል። የፋብሪካው ሠንጠረዥ ከሌለ የንባቦቹ ልዩነት ከምቱ አንድ አስር ሺህኛ ገደማ ሲሆን ጥሩ ይባላል፤ ለ730 ሚሊሜትር ምት 0.07 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። አንድ ቤሪንግ ብቻ ከወረደ በሁለቱም ጎኑ ያሉት ክራንኮች ንባብ ይዛባል።

ላይነሩን ከፊት ወደ ኋላም፣ ከጎን ወደ ጎንም ለካ፤ ከሁሉ የሚበላው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የላይኛው ፋሻ የሚቆምበት ነው። ከስፋቱ 0.7 በመቶ ገደማ ሲደርስ መቀየሪያው ቀርቧል።

የክራንክ ቤቱን (ክራንክሻፍቱ ያለበትን የሞተሩን ታችኛ ክፍል) በር ግን ሞተሩ እንደቆመ እንዳትከፍት! በ1947 (እ.ኤ.አ.) ሬይና ዴል ፓሲፊኮ በተባለች መርከብ ላይ የክራንክ ቤት ፍንዳታ 28 ሰው ገድሏል። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ በደንብ የተጠየቀው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የ1920ዎቹ መርከብ ላይኖረው ይችላል። ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ።

ቃሊቲ ሞተር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮምፕሬሽኑስ?

የማሽን ክፍል፦
ከ30 እስከ 35 ባር፣ በባሕር ወለል ላይ። እናንተ ቃሊቲ የምትለኩትን ይዘህ አትፍረድ። በ2,100 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ባሕር ላይ 35 የሚሰጥ ሞተር እዚያ 27 ገደማ ነው የሚያሳየው። መርከብ ላይ 27 ካነበብህ ግን ፋሻ ወይም ቫልቭ ፈልግ። ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እይ፤ ቴስታታ የምታወርደው ከሌሎቹ ከወረደው ሲሊንደር ጀምረህ ነው።

ዲያል ጌጅ፦
የማቀዝቀዣ ውሃውንም አትርሳ። በቀጥታ የባሕር ውሃ ከሆነ መውጫው ከ50 ዲግሪ እንዳያልፍ፤ ካለፈ ጨው ይጋገራል፣ ቴስታታውም ይሰነጠቃል። ቴስታታ ስታወርድ በጭስ ማውጫውና በነዳጅ ቫልቩ ቀዳዳ መሃል ያለውን ስስ ቦታ በናፍጣ አርሰህ፣ ጠርገህ፣ ኖራ ቀብተህ ተመልከት፤ ስንጥቁ ኖራውን እያረጠበ መስመሩን ያወጣዋል።