ትወና ተምሬ ወደ ድርሰት መግባት ይከብዳል?

የመድረክ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ የትወና ስልጠና ጨርሼ ኦዲሽን እየዞርኩ ነው። ልቤ ያለው ግን ድርሰት ላይ ነው። አንድ አጭር ፊልም ጽፌ ለጓደኞቼ ሳስነብብ "ወሬ በዝቶበታል፣ ቲያትር ቲያትር ይላል" አሉኝ። ከትወና ተነስቶ በአጭር ፊልም እስከ ሽልማት የደረሰ ሰው አለ? ወይስ ድርሰትን ከሀ ሁ ልጀምር?

ሰላም ከፒያሳ፦
አለ እንጂ! ሬቸል ሸንተንን እዪ። እንግሊዛዊት የቴሌቪዥን ድራማ ተዋናይ ናት። "ዘ ሳይለንት ቻይልድ" የሚለውን የ20 ደቂቃ ፊልም ራሷ ጻፈችው፣ ራሷ ተወነችበት፣ በፈረንጆቹ 2018 ኦስካር ወሰደ። ታሪኩ መስማት ስለተሳናት የአራት ዓመት ልጅ ነው። የሸንተን አባት እሷ 12 ዓመቷ እያለች በካንሰር ሕክምና ምክንያት መስማት አቁመው ነበርና የምታውቀውን ሕመም ነው የጻፈችው። መጨረሻ ላይ ልጅቷና የምልክት ቋንቋ ያስተማረቻት ሴት በትምህርት ቤቱ አጥር ወዲህና ወዲያ ሆነው በእጃቸው ብቻ ያወራሉ። አንድ ቃል አይወጣም! ዓይንና እጅ ስንት ነገር እንደሚሸከሙ ተውኖ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ አምኖባቸው የሚጽፈው።

አንባቢ፦
ከኛም የፊልም ዳይሬክተሩ ጋሽ ኃይሌ ገሪማ አሉ እኮ። አባታቸው የቲያትር ሰው ነበሩ። እሳቸውም በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ የሄዱት ትወና ሊማሩ ነው፣ ቺካጎ፣ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት። ከዚያ ነው ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፊልም የተማሩትና አጫጭር ፊልሞች መሥራት የጀመሩት። "ጤዛ" የሚለው ፊልማቸው በፈረንጆቹ 2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል። በመሃል ስንት ዓመት እንዳለ ቁጠሪው፤ ሽልማቱን አታስቀድሚ።

ካሜራ ማኑ፦
ስልጠናው ላይ "ይህቺ ሰው ምን ትፈልጋለች? ምን ከለከላት?" እያላችሁ ትሠሩ የለ? ስክሪፕትም ያው ነው። ባሏ አምሽቶ ሲገባ ሚስት "ተናድጃለሁ" ከምትል፣ የቀረበውን መሶብ መልሳ ትክደነው። ተመልካቹ ይገባዋል። እያንዳንዱን ዲያሎግ በእጅሽ ሸፍነሽ ትዕይንቱን አንብቢው፤ ያለሱ ከገባሽ ሰርዢው። ደግሞ አንድ ቤት፣ ሁለት ሦስት ተዋናይ ይበቃሻል፣ ቀረጻ ላይ ብር የሚበላው ቦታ መቀያየር ነው። ወደ ውጭ ፌስቲቫል የምትልኪ ከሆነ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ግድ ነው፣ የደቂቃ ገደባቸውንም ቀድመሽ እዪ፤ ኦስካር እንኳን አጭር ፊልም የሚለው የሠሪዎቹን የስም ዝርዝር ጨምሮ ከ40 ደቂቃ የማይበልጠውን ነው። እስቲ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች እዚሁ ለጥፊልን፣ አንብበን እንነግርሻለን።