ግሬድ ሳይረጩ ነጥብ ይገኛል?

መምህሩ፦ ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ደብረ ብርሃን አንድ ኮሌጅ ነው የማስተምረው፣ ስሙ ይቅር። ባለፈው ሴሚስተር ተማሪ የሞላልኝ ኢቫሉዌሽን ከ5 3.1 ሆኖ መጣ። አንድ ቢሮ የምንጋራው ባልደረባዬ 4.7 አገኘ። ግማሹን ክፍለ ጊዜ አይገባም፣ ኤ ግን እንደ ነሐሴ ዝናብ ነው የሚያወርደው። እኛ ጋ ይሄ ነጥብ ለእድገትም ለትምህርት ዕድልም ይታያል። እስቲ ፍረዱ፣ መምህርን በተማሪ ማስመዘን ልክ ነው ወይ? ልክ ነው ካላችሁስ ግሬድ ሳልረጭ እንዴት ላሻሽለው?

የደብረ ሲናዋ፦ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። እኔም አስተምራለሁ። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ኮርሱ ኦንላይን ስለሆነ ተማሪው የአስተማሪውን መልክ አያይም። ያው ሰው ለአንዱ ቡድን በወንድ ስም፣ ለሌላው በሴት ስም ቀረበ። ሥራቸው እኩል ጊዜ ነው ታርሞ የተመለሰላቸው። «ቶሎ ይመልሳል ወይ?» ሲባሉ ግን ለወንዱ ስም 4.35፣ ለሴቷ 3.55 ሰጡ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 43 ተማሪ ነው። ቢሆንም ሳነበው የራሴ ክፍል ነው ድቅን ያለብኝ። እኔ ስቆጣ ነገረኛ፣ ወንዱ ሲቆጣ ኮስታራ።

የዓለም ከተማው፦ ተማሪ ኤ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ምን አደከማችሁ።

ተወካይ፦ የለም ወንድሜ። መምህር፣ የእርስዎው ክፍል ተወካይ ነኝ፣ አይቀየሙኝና በእኛ በተማሪዎቹ በኩል እንዴት እንደሚሞላ ልንገርዎት። ግሬድ ልናይ ስንገባ ሲስተሙ «መጀመሪያ ኢቫሉዌሽን ሙሉ» ይለናል። ማታ ዶርም ተጋድመን፣ ኔትወርኩ አንዴ መጣ አንዴ ሄደ እያለ፣ ለስድስት መምህር ሃያ ሃያ ጥያቄ። ጥያቄውን የሚያነበው የለም። የወደድነውን ከላይ እስከ ታች 5፣ የጠላነውን ከላይ እስከ ታች 1። ግን መውደድና መጥላቱ ከግሬድ ብቻ አይመጣም። ኅዳር ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ አለ ተብለን፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት፣ አንዳንዱ ጋቢ ደርቦ የተቆለፈ በር ሥር 25 ደቂቃ ቆመን፣ መምህሩ ሲመጣ ይቅርታ እንኳ ሳይል ቁልፉን ከፍቶ ስላይድ ይጀምራል። 1ዱ የተሞላው ያን ቀን ነው። ፎርሙ ቆይቶ ነው የመጣው።

የመሐል ሜዳው፦ ሃሃ፣ አፈረጥከው። እኔ ተመርቄ ወጥቻለሁ። ኤ ያዘነበልንን ሰውዬ 5 ሰጥተን ሸኘነው። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ደረሰብን። የማንን ሀንድአውት አቧራውን አራግፈን እንዳነበብን ገምቱ። የዚያን 1 የሰጠነውን። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ስልኩ የለኝም።

መምህሩ፦ ይኸውላችሁ! ተማሪ ጥቅሙን የሚያውቀው ከወጣ በኋላ ነው። እንግዲያው ነጥቡ ይቅር።

የአንኮበሩ፦ ቀስ ይበሉ መምህር፣ አይጣልም። በእርግጥ በ2017 እ.ኤ.አ. የቀደሙ ጥናቶች አንድ ላይ ተሰብስበው እንደገና ሲሰሉ በተማሪ ነጥብና ተማሪው በተማረው መካከል ግንኙነት አልተገኘም። በ2018 ደግሞ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ያኔ ራየርሰን ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ የመምህራኑና የዩኒቨርሲቲው ክርክር ለገላጋይ ዳኛ ቀርቦ፣ ይሄ ነጥብ ለእድገት የማስተማር ብቃት መለኪያ እንዳይሆን ተወስኗል። ቸኮሌት ታድሎ ነጥብ ከፍ ያለበትም ጥናት አለ (ከረሜላ ልትገዙ እንዳትሮጡ)። ግን ዳኛውም መጠየቁ ራሱ ይቅር አላለም። ኮርሱ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ተማሪ አያውቅም፣ እሱን የሙያ ባልደረባ ይይ። ድምፅዎ ኋላ ወንበር መድረሱን፣ በሰዓት መግባትዎን ግን ከተማሪ በላይ ማን ያውቃል?

መምህሩ፦ እሺ፣ ድምፄ ይደርሳል። ሰዓት ላይ... አልፎ አልፎ። ሌላስ?

ተወካይ፦ የፈተና ወረቀት። ሚድ ተፈትነን ፋይናል ሳምንት ላይ ይመለሳል፣ ያውም ከተመለሰ። በቀይ 14/30 ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። የት ጋ እንደሳትኩ አላውቅም። አንድ መምህር አለን፣ ማርክ ሲቆርጥ እንደ ቋንጣ ነው፣ ግን ከተሳሳትኩበት አጠገብ «ቀመሩ ልክ ነው፣ ዩኒቱን ሳትቀይር ነው የገባኸው» ብሎ ጻፈልኝ። ሲ ፕላስ ነው ያገኘሁት። 5 ሰጠሁት።

የደብረ ሲናዋ፦ እኔ ደግሞ ፎርሙን መጠበቅ ትቻለሁ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ግማሽ ወረቀት አድላለሁ፣ ስም አይጻፍበትም። ምን ይቀጥል፣ ምን ይቀየር፣ በቃ። አምና አብዛኛው «ስላይድ ቶሎ ይገለበጣል» አለ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገብቼ «ፈጠንኩ ብላችኋል፣ ከዛሬ ጀምሮ ምሳሌውን ሰሌዳ ላይ እሠራለሁ። አሳይመንት ይቀነስ ያላችሁትን ግን አልቀንስም፣ ምክንያቱም ፈተና ላይ የምትወድቁት እሱን ባለመሥራት ነው» አልኳቸው። አጉረመረሙ፣ ግን ገባቸው። ነጥቡ አሁንም 5 አይደለም። ከ3.4 ወደ 4 ሄዷል፣ ኤ ሳልጨምር።

የዓለም ከተማው፦ የእጅ ጽሑፋችንን አይቶ ቢያውቀንስ? ማን ደፍሮ ይጽፋል?

ተወካይ፦ እኔ ሰብስቤ በስልኬ እጽፈዋለሁ፣ ወረቀቱን እቀደዋለሁ። ለመምህር ዝርዝሩ ብቻ ይደርሳል።

መምህሩ፦ ይሁን፣ ልሞክረው። ግን ስድብ የጻፈ አለ ብለህ እንዳትደብቀኝ፣ ሁሉንም አምጣው። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ።

ተወካይ፦ እሺ መምህር። 2 ሰዓት ነው፣ ቁልፉን አደራ።